ይለጠፍ ወይስ ይቀየር? የአንዲት ቀዳዳ ከመነዳሪ ታሪክ

አዳማ ውስጥ የብስክሌት ጎማ ሲተነፍስ የሚከተለው ሥርዓት የታወቀ ነው። ጎሚስታው ብስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው ላይ ያቆመዋል። ጎማውን በብረት ፈልቅቆ ከቸርኬው ያላቅቅና ከመነዳሪውን እንደ አንጀት እየሳበ ያወጣዋል። ትንሽ ይነፋውና ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። አንድ ቦታ ላይ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ጣቱን እዚያው አድርጎ ቀና ይላል፦ «ምን ይሻላል ወንድሜ፣ ልለጥፈው ወይስ አዲስ ይግባ?»

ብስክሌቱን ለግማሽ ሰዓት የተከራየ ተማሪ ከሆናችሁ ጥያቄው ኪሳችሁ ውስጥ ያለችውን ብር የሚመለከት ነው። በብስክሌት ዳቦ የሚያደርስ ወይም ውሃ በጀሪካን የሚያመላልስ ሰው ከሆነ ደግሞ የዕለት ገቢውን ይመለከታል፤ የተለጠፈው ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቢለቅ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ታዲያ መልሱን ለማግኘት ቀዳዳውን ብቻ ማየት በቂ አይደለም። ይህ ምርጫ ራሱ ታሪክ አለው። መለጠፍ አንድ ሌሊት የሚፈጅ ሥራ የነበረበት ዘመን ነበር፤ መቀየር ጨርሶ የማይታሰብበት ዘመንም ነበር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጎሚስታው የሚናገረው ጣልያንኛ

ከቃላቱ እንጀምር፤ ቃላት እንደ ሸክላ ስብርባሪ ናቸው፣ ማን በዚህ እንዳለፈ ይናገራሉ። ጎማ የጣልያንኛ ቃል ነው። ጎማ የሚሠራውን ሰውም ጣልያኖች ጎሚስታ ነው የሚሉት። ከመነዳሪ የሚለው ግራ የሚያጋባ ቃል «ካሜራ ዳሪያ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የአየር ክፍል» ነው፤ የካሜራን ስም ከፎቶ ጋር ብቻ ለለመደ ሰው ይገርማል እንጂ ቃሉ መነሻው «ክፍል» ማለት ነው። ማስቲሹ «ማስቲቼ»፣ ፍሬኑ «ፍሬኖ»፣ ካቻቢቴው «ካቻቪቴ»፣ ብስክሌቱ ራሱ «ቢቺክሌታ» ነው። ከአማርኛ ወጥታችሁ በአፋን ኦሮሞ ብትጠይቁም ጎማው ያው ጎማ ነው።

ጣልያንኛው የገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው፦ ኤርትራ ከ1890 ጀምሮ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን፣ በተቀረው አገር ደግሞ ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ። ወራሪው ጦር ካሚዮን ይዞ መጣ፤ ካሚዮን ደግሞ ያለ ጎማ ጠጋኝ አይንቀሳቀስም። ጦሩ ሲባረር ሙያውና ቃላቱ ቀሩ። የሚገርመው ደግሞ አዳማ የተቋረጠችው በፈረንሳዮች የባቡር መስመር ነው፤ ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በዚህ አልፎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር። ፈረንሳይኛው ግን እንደ ለገሀር ባሉ የባቡር ቃላት ነው የቀረው። ባቡር የብረት እግር ነው ያለው፣ አይበሳም።

አንድ ሌሊት የሚፈጅ ልጣፍ

ከጎማው በፊት ላስቲኩ መምጣት ነበረበት። ከዛፍ የሚቀዳው ጥሬ ላስቲክ ሲሞቅ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ላስቲክን ከድኝ ጋር ሲያሞቅ ይህ ጠባይ ጠፋ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ላስቲክ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ክምር ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ድኙ በሰንሰለቶቹ መካከል ድልድይ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ብትስቡት ይሳባል፣ ስትለቁት ግን ድልድዮቹ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሂደቱ ቮልካናይዜሽን ተባለ፣ በሮማውያን የእሳት አምላክ በቩልካን ስም። እሳተ ገሞራ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው፤ እሳተ ገሞራ በበዛበት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጎማ የሚለጥፍ ሰው ከአምላኩ ጋር ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። ጉድይር ግን ከግኝቱ አልበለጸገም፤ በ1860 ሲሞት ዕዳ ውስጥ ነበር።

አየር የተሞላ ጎማ ሁለት ጊዜ ነው የተፈለሰፈው። በ1845 ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን በ23 ዓመቱ የፈጠራ መብት አወጣበት፤ በፈረስ ጋሪ ላይ ሞከረው፣ ሠራም። ግን ውድ ነበር፣ ብስክሌት የሚባለውም ነገር ገና አልተስፋፋም ነበርና ተረሳ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በቤልፋስት የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት በድንጋይ መንገድ ላይ ስትንገጫገጭ አይቶ እንደገና ፈለሰፈው። በ1888 መብቱን አስመዘገበ፤ ጥቂት ቆይቶ የቶምሰን ወረቀት ተገኘና መብቱ ተሰረዘ። ስሙ ግን ጎማው ላይ ቀረ።

የደንሎፕ ጎማ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት፣ የእኛም ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከቸርኬው ጋር በሸራና በማስቲሽ የተጣበቀ ነበር። አንዲት እሾህ ብትገባ ሁሉንም መቅደድ፣ ቀዳዳውን መፈለግ፣ መለጠፍ፣ እንደገና ማጣበቅና እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። በ1889 አንድ ብስክሌተኛ እንዲህ ያለ የተነፈሰ ጎማ ይዞ በፈረንሳይ ክሌርሞን ፌራን ከተማ ወደሚገኘው የሚሽላን ወንድማማቾች የላስቲክ ፋብሪካ መጣ። ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅም ሌሊቱን አደረ። በማግስቱ ኤድዋር ሚሽላን ሊሞክረው ወጣ፤ ብዙም ሳይርቅ ጎማው ተነፈሰ።

ኤድዋር ከዚያ የወሰደው ትምህርት ጎማው ጥሩ ነው፣ የሚከብደው ጥገናው ነው የሚል ነበር። በ1891 በወንድማማቾቹ ፋብሪካ የተሠራው ጎማ ከቸርኬው ሊላቀቅ የሚችል፣ ከመነዳሪው ለብቻው የሚወጣ ነበር። በዚያው ዓመት ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ውድድር ላይ ሻርል ቴሮን በዚህ ጎማ ነድቶ ከ71 ሰዓት በላይ ከፈጀ ጉዞ በኋላ አንደኛ ወጣ። በ1892 ደግሞ ወንድማማቾቹ ራሳቸው ከፓሪስ እስከ ክሌርሞን ፌራን ውድድር አዘጋጁና ተወዳዳሪዎቹ ሳያውቁ መንገዱ ላይ ምስማር በተኑ። አዎ፣ ሆን ብለው። የተበሳ ጎማ መንገድ ዳር በደቂቃዎች ሊጠገን እንደሚችል ለማሳየት ነው። ዛሬ ቢሆን ክስ ይመጣባቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ነጥቡ ገባ። የአዳማው ጎሚስታ ዛሬ ከመነዳሪውን ከጎማው ለይቶ ሳፋ ውስጥ የሚነክረው በዚያ ፈጠራ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዘመን ሲወራ የሚዘለል ነገር አለ። የብስክሌት ጎማ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ላስቲኩ ከየት መጣ? ብዙው ከአማዞን፣ ብዙው ደግሞ ከአፍሪካ መሃል። የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎን እንደ ግል ንብረቱ ሲገዛ፣ የመንደር ሰዎች ከጫካ ላስቲክ ቀድተው እንዲያመጡ በግዳጅ ይታዘዙ ነበር፤ የተወሰነውን ያላሟላ ይገረፋል፣ ይገደላል፣ ሚስቶችና ልጆች መያዣ ይሆናሉ። የተቆረጡ እጆች ፎቶግራፍ ዓለምን ያስደነገጠው ያኔ ነው። በለንደንና በፓሪስ መናፈሻ ውስጥ በቀስታ የሚንሸራሸረው ብስክሌተኛ ጎማው ሲበሳ ይህ ትዝ አይለውም ነበር። በኋላ ገበያውን የያዙት የእስያ እርሻዎች ናቸው፤ ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል ወደ ለንደን ባጓጓዘው ዘር ነው የተጀመሩት።

መቀየር መቼ ቀላል ሆነ?

ዛሬ ሱቅ ውስጥ በካርቶን ታጥፎ የሚሸጠው ከመነዳሪ ብዙውን ጊዜ ከዛፍ የመጣ ላስቲክ አይደለም፤ ቡቲል የሚባል ከነዳጅ የሚሠራ ላስቲክ ነው። የስታንዳርድ ኦይል ኬሚስቶች ሮበርት ቶማስና ዊሊያም ስፓርክስ በ1937 ያገኙት ነው። ግኝቱ በጊዜው ደረሰ፤ በ1942 ጃፓን ማላያንና የደች ምሥራቅ ኢንዲስን ስትይዝ የዓለም የተፈጥሮ ላስቲክ ምንጭ አብዛኛው ተዘጋ። ቡቲል አየር ሲያሳልፍ በጣም ቆንቋና ነው፤ የተፈጥሮ ላስቲክ ከመነዳሪ በየጥቂት ቀኑ ነፉኝ ይላል፣ የቡቲሉ ግን ሳምንታት ይቆያል።

ግን እኮ ቡቲል ለልጣፍ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። አየር የማያሳልፈውን ያህል ለድኝ ድልድይ የሚሆን በርም ያነሰው ነው፤ በተፈጥሮ ላስቲክ ሰንሰለት ላይ በየቦታው ያለው የመያያዣ ነጥብ በቡቲል ላይ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብሎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ልጣፉ በደንብ እንዲይዝ ተገቢው ማስቲሽ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለየው ልዩነት አለ። ለጎማ ተብሎ የተሠራው ማስቲሽ ውስጥ ቮልካናይዜሽኑን የሚያፋጥን ኬሚካል አለው፤ ልጣፉ ሥር ካለው ያልበሰለ ላስቲክ ጋር ሲገናኝ ድልድይ ይሠራል፣ ልጣፉና ከመነዳሪው አንድ አካል ይሆናሉ። በጫማ ሠሪ ቤት የሚገኘው ማስቲሽ ግን ማጣበቅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለቱም በቆርቆሮ ይመጣሉ፣ ሁለቱም ይሸታሉ። (ሽታውን አትማጉት፤ ቀልድ አይደለም፣ አእምሮን ይጎዳል።)

አሁን ይህን ወደ አዳማ አምጡት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ጎማ ከአየሩ እጅግ ይበልጥ ይግላል። ጠዋት በ15 ዲግሪ የተነፋ ጎማ 50 ዲግሪ ቢደርስ ውስጡ ያለው አየር ጠቅላላ ግፊት በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር፣ በዚያው ሰዓት የጫማው ማስቲሽ ይለሰልሳል። ጠዋት ተለጥፎ ከሰዓት የሚለቀው ልጣፍ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሰው «ልጣፍ አይበረክትም» ይላል። እኔ የምለው ልጣፉ ሳይሆን ማስቲሹ ነው የተሳሳተው።

ሌላው ጥፋት ትዕግስት ማጣት ነው። ከመነዳሪው ሲሠራ ከብረት ቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባው ነገር ላዩ ላይ ይቀራል። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈተገው በዋናነት እሱን ለማስለቀቅ ነው፤ በመሃል የሚያልፈው ቀጭን ከፍ ያለ መስመርም ካልተስተካከለ አየር በጎኑ ሾልኮ ይወጣል። ማስቲሹ ከተቀባ በኋላ ደግሞ ውሃ የመሰለው ፈሳሽ ተንኖ እስኪያልቅ፣ በጣት ሲነካ እስከማይረጥብ ድረስ መጠበቅ አለበት። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ልጣፍ ተጣበቀ ቢመስልም ፈሳሹን ሥሩ አፍኖ ይዟል። ደንበኛው «ቶሎ በል እንጂ!» እያለ ሲቁነጠነጥ ጎሚስታው ምን ያድርግ?

እሾህ፣ ድንጋይና ሽቦ

የስምጥ ሸለቆው ሜዳ ለብስክሌት የተሠራ ይመስላል። ከመቂ እስከ ባቱ፣ ከባቱ ወደ ቡልቡላ፣ ዳገት የሚባል ነገር ብዙ የለም። ለቀዳዳ የተሠራም ይመስላል። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የግራር አገር ነው። ግራሩ ሁለት ዓይነት እሾህ አለው፣ አንዱ ረጅም ነጭ ቀጥ ያለ፣ ሌላው አጭር ቆልማማ። መሬት ላይ ደግሞ ኩርንችት አለች፤ እንዴትም ብትወድቅ አንዷ እሾኋ ወደ ላይ ቀና ትላለች። ከባቱ በስተምዕራብ ገደሞታ የሚባለው ቦታ ሰዎች ከ270,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ኦብሲዲያንን፣ ለጦር ጫፍ ይፈልጡበት ነበር። ስለቱ ዛሬም አልደነዘዘም፣ ብስክሌት ይዛችሁ በዚያ ብታልፉ ጎማችሁ ይነግራችኋል።

እንግዲህ ቀዳዳው ራሱ የሚናገረው አለ። ከጎማው ውጭ በኩል ያለች አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ የእሾህ ሥራ ናት። ይህችን ለመለጠፍ አታመንቱ፤ ከመነዳሪው ጤነኛ ከሆነ በትክክል የተለጠፈው ቦታ ከሌላው ቦታ አያንስም። እንዲያውም ጎማው ውስጥ ገብቶ ሲነፋ አየሩ ልጣፉን ከጎማው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ለዚህ ነው «ይያዝ እንደሆነ ልየው» ብሎ ከመነዳሪውን ውጭ ላይ እንደ ፊኛ መንፋት ጥሩ ልጣፍ የሚያስለቅቀው። ግን ከመለጠፍ በፊት ጎማውን ከውስጥ በኩል በጣት ዳብሱ። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ እዚያው ይቀራል። ሳይወጣ አዲስ ከመነዳሪ ብታስገቡበት አዲሱም ከመንገዱ ጫፍ ሳይደርስ ይተነፍሳል። የቀየረው ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቁርጦች ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ። አየሩ አንሶት ሳለ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ላይ ወድቆ ከመነዳሪው በቸርኬው ሁለት ጠርዞች መካከል ተቆንጥጧል። አንድ ሰፊ ልጣፍ ሁለቱንም ከሸፈነ ደህና፣ ካልሸፈነ ይቀየር። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦው ጫፍ ነው የወጋው፤ እዚያ ላይ ከመነዳሪውን መቀየርም መለጠፍም ሽቦው ካልተሞረደና በላዩ ያለው ሽፋን ካልተስተካከለ ጉልበት ማባከን ነው።

የቫልቩ ሥር ተቀዶ ከሆነ ግን አትከራከሩ፣ ይቀየር። ላስቲኩ እዚያ ጋ ከብረቱ ጋር ስለሚገናኝ በየዞሩ ይታጠፋል፣ ልጣፍ የሚተኛበት ሜዳ የለውም። ጣት የሚያክል ረጅም ቅዳጅም እንዲሁ። ላስቲኩን ሳብ ስታደርጉት እንደ ደረቀ ጭቃ ጥቃቅን ስንጥቅ የሚያሳይ ከሆነም አርጅቷል፤ ዛሬ እዚህ ብትለጥፉት ነገ እዚያ ይከፈታል። ልጣፍ በልጣፍ ላይ መደረብም አይሠራም። ራቅ ራቅ ብለው ያሉ አምስት ልጣፎች ግን ምንም አይሉም፣ መልኩ ያስቀይም ይሆናል እንጂ።

አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ አዲስ ማስገባት ይቀለኛል ይላል። ትክክል ነው፤ እዚያ የባለሙያው ግማሽ ሰዓት ከከመነዳሪው ይወደዳል። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው። የጎሚስታው ጉልበት እዚሁ አዳማ ውስጥ ነው፤ አዲሱ ከመነዳሪ ግን ባብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ብዙ ጊዜም በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ነው የሚመጣው። ያው ከሞጆ አዳማ ቅርብ ናት፣ ዋጋው ግን የመጣበትን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው። የቴክኒክ መልሱ በሁለቱም ቦታ አንድ ሆኖ ሳለ የሰዉ ውሳኔ የሚለያየው ለዚህ ነው።

ለሥራ የሚነዱ ሰዎች አንድ ነገር ከድሮ ተወዳዳሪዎች ቢማሩ ጥሩ ነው። የቱር ደ ፍራንስ ቀደምት ብስክሌተኞች ትርፍ ጎማ በትከሻቸው ላይ አጣምረው ይነዱ ነበር። መንገድ ላይ ሲበሳ ይቀይራሉ፤ ሰዓት ስለሚቆጠርባቸው እዚያ ተቀምጠው አይለጥፉም። ኢትዮጵያም በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ልካ ነበርና ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳቦ የሚያደርሰው ልጅ አንድ የተለጠፈ ትርፍ ከመነዳሪ ኮርቻው ሥር ቢያስር ጠዋት የተበሳውን በደቂቃዎች ቀይሮ ሥራውን ይቀጥላል፤ የተበሳውን ማታ፣ ማስቲሹ በጊዜው እየደረቀ፣ ያለ ጥድፊያ ያስለጥፈዋል። ጎሚስታውም ማታ ላይ ፋታ አለው።

መለጠፍም ሆነ ሥራ ላይ ማዋል የማይቻለው ከመነዳሪ እንኳ ሳፋው አጠገብ ብዙ አይቆይም። በመቀስ በረጅሙ ይሰነጠቅና ጭነት ማሰሪያ ይሆናል፤ በመቂ መንገድ ላይ ብስክሌት ጀርባ ላይ የተጫኑ ጀሪካኖችን አስተውሉ፣ ብዙዎቹ የታሰሩት በእሱ ነው። ልጆች ደግሞ ለወፍ መምቻ ወንጭፍ ይፈልጉታል። ውጭኛው ጎማ ሲያልቅ በረባሶ ይሆናል፣ የእግር ማሰሪያው ብዙ ጊዜ ከዚያው ከከመነዳሪው ይቆረጣል፤ አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ይህን ሥራ ሲሠሩ የሚውሉ ሰዎች ታገኛላችሁ። ጎሚስታው ራሱም ቢሆን ከአሮጌው ላይ ጤነኛውን ቦታ መርጦ ክብ አድርጎ ይቆርጥና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሳስቶ ያስቀምጠዋል። ለሚቀጥለው ደንበኛ ልጣፍ ነው።